አያቴ በጦርነቱ ጊዜ መርከበኛ ነበሩ፤ መዝገባቸውን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «የእናቴ አባት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ የጭነት መርከብ ላይ ከሰል አንዳጅ ነበሩ። በ1942 አትላንቲክ ላይ መርከባቸው በጀርመን ሰርጓጅ ተመቶ ሰመጠ፤ እሳቸው በነፍስ አድን ጀልባ ተረፉ ይባላል። የመርከቡን ስም የሚያስታውስ የለም። አክስቴ ብቻ ‹ኢምፓየር የሚል ነገር ነበረበት› ትላለች። እጃችን ላይ ያለው አንድ ፎቶ፣ ስም ያልተጻፈባቸው ሁለት ሜዳልያዎችና ገጾቹ የተገነጠሉ ሰማያዊ ደብተር ነው። ለአንድ የባሕር ኃይል መዝገብ ክፍል ጽፈን ‹በዚህ ስም ያገለገለ ሰው የለም› የሚል መልስ መጣልን። ታሪኩ ውሸት ይሆን? ካልሆነስ ከየት እንጀምር?»

መልስ፦ ውሸት ነው ብለው ለመደምደም አይቸኩሉ። የመጣላችሁ መልስ ትክክል ሊሆን ይችላል። ችግሩ ያንኳኳችሁት በር ነው።

በጭነት መርከብ ላይ የሠራ ሰው ወታደር አልነበረም። ሲቪል ነበር፤ ቀጣሪውም የመርከብ ኩባንያ ነው። ቶርፒዶው ግን ሲቪልና ወታደር አይለይም። በዚያ ጦርነት ወደ 32,000 የሚጠጉ የብሪታንያ ንግድ መርከብ ሠራተኞች ሞተዋል። እንደዚያም ሆኖ በጥቅሉ በባሕር ኃይሉ የአገልግሎት መዝገብ ውስጥ አይገኙም።

ልዩነቱ ከአስተዳደር ያልፋል። የባሕር ኃይል አባል ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ የግል ማኅደር ይከፈትለታል። የንግድ መርከብ ሠራተኛ ግን ከጦርነቱ በፊት የሚቀጠረው ለአንድ ጉዞ ነበር። መርከቡ ሲመለስ ውሉ ያልቃል፤ ሰውየው ሂሳቡን ተቀብሎ ይሰናበታል። ለሚቀጥለው ጉዞ እንደገና ይፈርማል፤ ኩባንያውም መርከቡም ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ የተጠራቀመው በሰውየው ስም ሳይሆን በመርከቡ ስር ነው። የአያትዎ የግል መዝገብ ቢገኝ እንኳ ጥቂት መስመር ነው። የመርከቡ መዝገብ ግን ወፍራም ነው። የፍለጋው ዋና ሥራ ከሰውየው ወደ መርከቡ መሻገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ነገር ከመጀመራችን በፊት። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቤተሰቡ «1942» ሲል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጣርተው ይያዙ። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጦርነቱ ካለቀ ዓመታት አልፈው ነበር። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ስንቱ ፍለጋ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ። ከያዛችሁት ነገር ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ሰማያዊ ሽፋን ካለው የመርከበኛው የስንብት ደብተር ሳይሆን አይቀርም። ጉዞ ሲጀመር ካፒቴኑ ይረከበዋል። ሲያልቅ የመርከቡን ስም፣ የተቀጠረበትንና የተሰናበተበትን ቀን ጽፎ ይመልሰዋል። በስተቀኝ በኩል ሁለት ማኅተሞች ይደረጋሉ፦ አንዱ ለሥራ ችሎታ፣ አንዱ ለጠባይ። ጥሩ ከሆነ «በጣም ጥሩ» ይላል። ካፒቴኑ ቅር ከተሰኘ ስድብ አይጽፍም፤ «አስተያየት ከመስጠት ተቆጥቤያለሁ» ይላል። ወደብ ላይ ያንን ያየ ቀጣሪ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ገጾቹ ቢገነጠሉም ሽፋኑንና የመጀመሪያውን ገጽ በደንብ ይመርምሩ። እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ «አር» በሚለው የላቲን ፊደል የሚጀምር ቁጥር አለ። ይህ የመርከበኛው የግል ቁጥር ነው፤ ስም ሲበላሽ የሚያድነው እሱ ነው። ቀለሙ ከደበዘዘ በስልክ ፎቶ አንስተው ብርሃኑንና ንፅፅሩን ይቀያይሩ፤ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ደብተሩ የተሰጠበትንም ቀን ይዩ። አያትዎ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ መርከብ ላይ ሠርተው ደብተሩ ግን በ1942 ወይም በ1943 የተሰጠ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ደብተር ከመርከቡ ጋር ሰምጦ ይህ ምትኩ ሊሆን ይችላል። ያ ራሱ ማስረጃ ነው።

ፎቶውንም አይናቁት። ተራ የንግድ መርከብ ሠራተኛ ዩኒፎርም አልነበረውም። ወደብ ላይ በሲቪል ልብስ ሲታይ «ለምን አልዘመትክም» እየተባለ ስለሚሰደብ፣ ከ1940 ጀምሮ ኮቱ ላይ የሚሰካ ትንሽ የብር ባጅ ይሰጠው ነበር። ባጁ ላይ ገመድ የከበባቸው «ኤም» እና «ኤን» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። የኮቱን ኮሌታ አጉልተው ይዩት። በፎቶው ላይ የባሕር ኃይል ሙሉ ዩኒፎርም ካለ ግን ነገሩ ይቀየራል። በጭነት መርከቦች ላይ መድፍ የሚተኩሱ የባሕር ኃይልና የጦር ሠራዊት ሰዎች ነበሩ፤ መዝገባቸውም ሌላ ቦታ ነው።

ሜዳልያዎቹ ስም የሌላቸው መሆኑ አያስደንግጥዎ። ብሪታንያ ለዚያ ጦርነት የሰጠቻቸው ኮከቦች በጠቅላላ ስም ሳይቀረጽባቸው ነው የታደሉት። በኮከቡ መሃል ዙሪያውን የተጻፈውን ያንብቡ። «አትላንቲክ» የሚል ከሆነ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ውቅያኖሱን ላቋረጠ ሰው የሚሰጥ አልነበረም፤ የወራት አገልግሎት ይጠይቅ ነበር። ሜዳልያ የወሰዱ የንግድ መርከብ ሠራተኞች ዝርዝር በለንደን ኪው በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቢቲ 395 በሚባለው ስብስብ ውስጥ አለ፤ በኢንተርኔትም በስም ይፈለጋል። ግን ልብ ይበሉ፦ ሜዳልያው የሚሰጠው ለጠየቀ ሰው ነበር። ያልጠየቀ ብዙ ነው። ስለዚህ እዚያ ስም መጥፋቱ ምንም አያረጋግጥም። እናንተ ሜዳልያው እጃችሁ ላይ ስላለ ግን የመገኘት ዕድሉ ጥሩ ነው፤ የደብተሩን ቁጥርም ከዚያ ማግኘት ይቻላል።

ስለ ስም እዚሁ ልናገር። መዝጋቢው ጸሐፊ የጻፈው የሰማውን ነው። መርከበኛው ከአረቡ ዓለም፣ ከሕንድ ወይም ከአፍሪካ ከሆነ ደግሞ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አድርጎ ይመዘግበዋል፤ አንዳንዴ ገልብጦ። ያ አሠራር አማርኛ ለሚያነብ ሰው ይገባዋል፤ ፓስፖርት ያወጣ ሁሉ አይቶታል። ስለዚህ የአያትዎን ስም፣ የአባታቸውን ስምና የአያታቸውን ስም በሁሉም ቅደም ተከተልና በተለያየ የላቲን አጻጻፍ ዘርዝረው ይያዙ። በዕድሜም አይከራከሩ። ሥራ ለማግኘት ዕድሜ መጨመርና መቀነስ የተለመደ ነበር። የትውልድ ቦታ ከዕድሜ ይሻላል፤ የደብተር ቁጥር ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

የሰውየው መዝገብ የሚገኘው በዚያው በኪው ቤተ መዛግብት ቢቲ 382 በሚባል ስብስብ ነው። አመጣጡ እንዲህ ነው። በ1941 የብሪታንያ መንግሥት መርከበኛ እንዳያጣ ብሎ የሠራተኛ ተጠባባቂ ቋት አቋቋመ። ባለፉት አምስት ዓመታት ባሕር ላይ የሠራ ሁሉ እንዲመዘገብ ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ መርከበኛ ቅጽ ተከፈተ፦ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የደብተር ቁጥር፣ የሥራ ደረጃ፣ ከዚያ የሠራባቸው መርከቦች በየተራ ከነቀናቸው። ቅጾቹ በቤተሰብ ስም ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። የእስያ መርከበኞችና የጦር ምርኮኞች ለብቻቸው የተቀመጡባቸው ክፍሎች ስላሉ፣ በአንዱ ካጡ ሌላውን ሳያዩ አይመለሱ። ከ1941 በፊት ላለው ጊዜ ሌላ የካርድ መዝገብ አለ፤ ኦሪጂናሎቹ በሳውዝሃምፕተን ከተማ መዝገብ ቤት ናቸው።

እንበልና ቅጹ ተገኘ። እዚያ ላይ በ1942 መሃል አንድ መርከብ ተጽፎ፣ የስንብቱ ቦታ ወደብ ሳይሆን ባሕር ከሆነ፣ ያ መርከብ ነው የሚፈለገው።

ቅጹ ባይገኝስ? ያኔ የአክስትዎ ቃል ነፍስ ይዘራል። «ኢምፓየር» ተራ ስም አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ የብሪታንያ መንግሥት ንብረት የሆኑ ብዙ የጭነት መርከቦች ስማቸው በኢምፓየር ይጀምር ነበር። ከሺህ በላይ ናቸው፤ ስለዚህ ብቻውን አይበቃም። ግን በ1942፣ በአትላንቲክ፣ በሰርጓጅ የሰመጡና በከሰል የሚሄዱ ኢምፓየሮች ብሎ ማጥበብ ይቻላል። ያ ዝርዝር ረጅም አይሆንም። በነገራችን ላይ በአሜሪካ ተሠርተው ለብሪታንያ የተሰጡት «ኦሽን»፣ በካናዳ የተሠሩት «ፎርት»፣ በውሰት የመጡት የአሜሪካ ሊበርቲ መርከቦች ደግሞ «ሳም» እያሉ ይጀምራሉ። በቤተሰብ ወሬ ውስጥ ከእነዚህ አንዱ ከተሰማ ፍንጭ ነው።

የመርከብ ስም ሲገኝ ወዲያው መለያ ቁጥሩን ይፈልጉ። ስም ይደገማል፤ ይቀየራል፤ መርከቡም ይሸጣል። መለያ ቁጥር ግን ለብሪታንያ መርከብ ከተመዘገበ በኋላ አይቀየርም። የሠራተኞች ዝርዝርም የተደረደረው በዚህ ቁጥር ነው። ክሊፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የሠራተኞች ዝርዝር ማውጫ ድረ ገጽ ቁጥሩን በነፃ ያሳያል። ከ1930 እስከ 1945 ያሉ የሎይድስ የመርከብ መዝገቦችም በኢንተርኔት ተለቀዋል፤ መርከቡ በምን እንደሚሠራ፣ የት እንደተገነባ፣ ስንት ቶን እንደሆነ ከዚያ ያገኛሉ።

አሁን ወደ ልቡ ደረስን። የጉዞ ውልና የሠራተኞች ዝርዝር የሚባለው ሰነድ በጦርነቱ ጊዜ ላሉ መርከቦች በብዛት ቢቲ 381 ውስጥ ነው። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ሰነድ የለም። ከካፒቴኑ እስከ ማብሰያ ቤት ልጅ ድረስ ሁሉም ፈርመውበታል። ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ አድራሻ፣ የሥራ ዓይነት፣ የገቡበትና የወጡበት ቀን ይታያል። ከሁሉም በላይ አንድ ዓምድ አለ፦ ከዚህ በፊት የሠሩበት መርከብ። አያትዎን በአንድ ዝርዝር ላይ ካገኙ የቀደመውን መርከብ ያውቃሉ። ያንን መርከብ ሲፈልጉ ደግሞ ከሱ የቀደመውን ያገኛሉ። የግል ቅጹ የጠፋበት ሰው ታሪክ እንኳ በዚህ መንገድ ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል። የጣት አሻራ ካለም አይገረሙ፤ መጻፍ የማይችል ሰው በዚያ ይፈርም ነበር። የእጅ ጽሑፋቸውን ካገኙ ደግሞ በቤት ውስጥ ካለ ደብዳቤ ጋር ያስተያዩት።

«መርከቡ ከሰመጠ ዝርዝሩም ሰመጠ ማለት አይደለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። መርከቡ ላይ የነበረው አዎ። ግን ቅጂው የብስ ላይ ይቀር ነበር። ስለዚህ በሰመጡ መርከቦች ፋይል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ያ ቅጂና በኋላ ጸሐፊዎች በየስሙ አጠገብ የጨመሩት ምልክት ነው፦ ይህ ሞተ፣ ይህ ተረፈ፣ ይህ ይህ ወደብ ደረሰ።

ቀጥሎ መርከቡ የት የት እንደሄደ። ቢቲ 389 የመርከብ እንቅስቃሴ ካርዶች ናቸው፤ ወደብ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ ጉዳት ከደረሰበትም ያ ተጠቅሷል። በክፍያ ከኢንተርኔት ይወርዳሉ። ከካርዱ ላይ የኮንቮዩን ቁጥር ካገኙ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። ኮንቮይ ማለት በጦር መርከብ ታጅቦ አብሮ የሚጓዝ የመርከቦች ስብስብ ነው። ስሙ ብዙ ጊዜ በሁለት ፊደል ይታወቃል፦ «ኤችኤክስ» ከሰሜን አሜሪካ ወደ ብሪታንያ፣ «ኤስሲ» በዚያው መስመር ለዘገምተኞቹ፣ «ኦኤን» ከብሪታንያ ወደ ምዕራብ። በ1942 ብቻ ከ1,000 በላይ የአጋር አገሮች መርከቦች በሰርጓጅ ስለሰመጡ፣ የኮንቮዩ ቁጥር ፍለጋውን በጣም ያቀለዋል። ከኮንቮዩ ኋላ የቀሩ መርከቦች ቀድመው ይመቱ ነበር። ከሰል የሚያነዱት ደግሞ ጭሳቸው ከሩቅ ይታይባቸዋል። ጭስ አብዝተሃል የሚለው ቁጣ መጨረሻ የሚያርፈው አያትዎ ዓይነት ሰው ላይ ነበር።

የአደጋውን ዝርዝር የሚነግራችሁ ሌላ ስብስብ ነው፤ እሱም የባሕር ኃይሉ ኤዲኤም 199። በውስጡ ከቁጥር 2130 እስከ 2148 ባሉት ጥራዞች የባሕር ኃይሉ መኮንኖች ከተረፉ ሰዎች ጋር ያደረጉት ቃለ መጠይቅ ተቀምጧል። መልስ ሰጪው አብዛኛውን ጊዜ ካፒቴኑ፣ እሱ ከሞተ ደግሞ በሕይወት የተረፈው ከፍተኛ መኮንን ነው። የከሰል አንዳጅ ቃል አይጠብቁ። ግን የአየሩ ሁኔታ፣ ጭነቱ፣ ስንት ሰው እንደነበር፣ ቶርፒዶው የትኛውን ጎን እንደመታ፣ የትኛው ጀልባ እንደተገለበጠ፣ ስንት ቀን እንደተንሳፈፉ አለ።

እዚያ ላይ ሰዓቱን በጥንቃቄ ያንብቡ። ከሰል አንዳጆች አራት ሰዓት ሠርተው ስምንት ሰዓት ያርፋሉ። ቶርፒዶ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመታው ሞተር ክፍሉን ነው፤ ያን ሰዓት ታች የነበሩት የመትረፍ ዕድላቸው በጣም ጠባብ ነበር። ሞተር ክፍሉ ተመቶ ከሆነና አያትዎ ከተረፉ፣ ያን ሰዓት ተራቸው አልነበረም ማለት ይቻላል። የትኛው ፈረቃ ላይ እንደነበሩ እንዲህ አድርጎ መገመት ይቻላል፤ ሌላ የትም አይጻፍም።

የተኮሰው ወገን ታሪክም አለ። የጀርመን ሰርጓጆች የዕለት መዝገብ በጦርነቱ ማብቂያ ተማርኮ በማይክሮፊልም ተነሥቷል፤ በጀርመን ፌዴራል መዝገብ ቤት በፍራይቡርግና በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ይገኛል። ዩቦት ዶት ኔት የሚባለው ድረ ገጽ የተመቱትን መርከቦች አንድ በአንድ ዘርዝሯል፤ ከዚያ መጀመር ይቀላል። ሁለቱን ስታስተያዩ ቀኑ በአንድ ቀን ቢለያይ ግራ አይጋቡ። ጀርመኖች የሚጽፉት በራሳቸው ሰዓት ነው፤ ማታ አካባቢ የደረሰ አደጋ በአንዱ ወገን ነገ ይሆናል። ቶኑን ደግሞ በፔሪስኮፕ አይተው ስለሚገምቱ ማጋነን ይወዳሉ።

ይህን ሁሉ ፈልገው ባዶ ከሆነ፣ የምጠረጥረው የመርከቡን ባንዲራ ነው። ቤተሰብ «የእንግሊዝ መርከብ» የሚለው ብዙ ጊዜ ለእንግሊዝ የሚሠራ የኖርዌይ፣ የግሪክ ወይም የሆላንድ መርከብ ሆኖ ይገኛል። በብሪታንያ ተከራይተው የነበሩ የአጋር አገሮች መርከቦች ሠራተኞች ዝርዝር ቢቲ 387 ውስጥ አለ። ኖርዌዮች ደግሞ የጦርነት መርከበኞቻቸውን መዝገብ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠውታል፤ በመርከቦቻቸው ላይ የሠሩ የውጭ አገር ሰዎችም አሉበት።

አያትዎ ከብሪታንያ ውጭ ተወልደው በእንግሊዝ ወደብ የኖሩ ከሆነ ሌላም ምንጭ አለ፤ ደስ የሚል አይደለም እንጂ። በ1925 የወጣ ደንብ ነጭ ያልሆኑ የውጭ መርከበኞች ፖሊስ ጣቢያ እንዲመዘገቡ ያስገድድ ነበር። እንደ ካርዲፍና ሳውዝ ሺልድስ ባሉ ወደቦች የየመንና የሶማሌ ከሰል አንዳጆች ብዙ ስለነበሩ በዚህ ደንብ የተጎዱት እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ የብሪታንያ ግዛት ተወላጆች ሆነው ሳለ ማረጋገጫ ወረቀት ስለሌላቸው ብቻ እንደ ባዕድ ተቆጠሩ። የተረፈ የምዝገባ ወረቀት ካለ ፎቶ አለበት። የየከተማውን መዝገብ ቤት ይጠይቁ።

ይህን የምታነቡ ሌሎች ሰዎች የምትፈልጉት ዘመድ የአንደኛው ጦርነት ሰው ከሆነ መንገዱ ይለያል። ከ1913 እስከ 1918 ያለው የግለሰብ መርከበኞች መዝገብ ተወግዷል። የ1915 የሠራተኞች ዝርዝር ግን በበጎ ፈቃደኞች ተገልብጦ በነፃ በስም ይፈለጋል። ከእሱ ተነሥታችሁ በቀደመው መርከብ ዓምድ ወደ ኋላ ሂዱ። የተረፈው የዝርዝሩ ትልቁ ክፍል ደግሞ ካናዳ ነው፤ በኒውፋውንድላንድ ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ የባሕር ታሪክ መዝገብ ቤት።

ኪው ድረስ መሄድ ከቻሉ የአንባቢ ካርድ ያስፈልጋል፤ ማንነትንና አድራሻን የሚያሳይ ሰነድ ይያዙ። የሚፈልጉትን ፋይል ቁጥር ከመሄድዎ በፊት ከካታሎጉ ላይ ጽፈው ይሂዱ። በራስዎ ስልክ ሰነዱን ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል፤ ክፍያ የለውም። አያትዎ ያሉበትን ገጽ ብቻ አያንሱ። ሙሉውን ዝርዝር ያንሱ፤ አብሯቸው ጀልባ ውስጥ የነበረ ሰው ልጅ ልጅ ይህንኑ እየፈለገ ይሆናል። መሄድ ካልቻሉ በክፍያ የሚፈልጉ የግል ተመራማሪዎች አሉ። ለእነሱ የሚልኩት ረጅም የቤተሰብ ታሪክ ሳይሆን የደብተሩን ቁጥር፣ የስሙን አጻጻፎች ሁሉና የትውልድ ቦታውን ነው። «ኢምፓየር» የሚለውን የአክስትዎን ቃል ግን ከታች ይጨምሩበት።